ኳሱ ይመዘናል፤ ሰውዬውስ?



ውድ አንባቢያን! የዛሬው ርዕሳችን ከቤታችሁ የራቀ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። «ጎልፍ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደምትኖሩም አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከልጆቻችን መካከል የጎልፍ ዱላ የጨበጠ ቢፈለግ አንድም ላይገኝ ይችላል። ይሁንና ስለ ጨዋታው አወራረድ ላወራችሁ አልተነሣሁም። የተነሣሁት «እኔ ታማኝ ስለ ሆንኩ ልመረመር አይገባኝም» ብሎ ለብዙ ዓመታት በሩን ዘግቶ ስለ ተቀመጠ አንድ የሀብታሞች ስፖርት ልነግራችሁ ነው። እንዲህ የሚል ሰው በየመንደራችን ሞልቷል፤ ስለዚህ ነገሩ እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልፍ ሲባል ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ ሰፊ መስክ አቋርጦ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባታል። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሩጫ የለበትም፣ ግፊያ የለበትም፣ ዳኛም እንደ እግር ኳስ ፊሽካ ይዞ ከኋላ አይከተልም። ስለዚህም ተጫዋቾቹ ስፖርታቸውን «የጨዋዎች ጨዋታ» ይሉታል። ለዚህም የሚጠቅሱት ታሪክ አላቸው፤ ታሪኩ ደግሞ በእርግጥ ያማረ ነው።

በ1925 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር በተባለ ስፍራ የዩ.ኤስ. ኦፕን ውድድር ሲካሄድ ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች ረጅም ሣር ውስጥ የገባችውን ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ጥቂት ነቃነቅ አለች። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። ዳኞቹ ቢጠየቁም አላየንም አሉ። ጆንስ ግን «ተንቀሳቅሳለች» ብሎ በራሱ ላይ አንድ ምት ቅጣት ቆጠረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣ፤ በመለያው ጨዋታም ተሸነፈ። ያቺ አንዲት ምት ባትቆጠርበት ኖሮ ዋንጫው የእርሱ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት ባንክ ስላልዘረፍኩ ታመሰግኑኛላችሁን የሚል መንፈስ ያለው መልስ እንደ ሰጣቸው ይነገራል።

እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ብቻውን ሆኖ በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ሊከበር ይገባዋል። የምቃወመው ታሪኩን መጋረጃ ያደረጉትን ነው። የአንድ ሰው ታማኝነት ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ እንደ ውርስ ርስት ይተላለፋል እንዴ? አያቴ ደግ ሰው ነበሩ፤ እኔ ግን አበድሩኝ ብዬ ስመጣ ዋስ ጥራ ትሉኛላችሁ፤ ልክም ናችሁ።

ሌላው የስፖርት ዓለም አበረታች ቅመም የሚወስዱ ተወዳዳሪዎችን መመርመር የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በኦሎምፒክ ምርመራ የተጀመረው በ1968 ነበር። በ1988 በሴኡል ካናዳዊው ሯጭ ቤን ጆንሰን የወርቅ ሜዳሊያውን ሲነጠቅ ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። በ1999 የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ዋዳ፣ ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፒ.ጂ.ኤ. ቱር የተባለው፣ በአሜሪካ የባለሙያ ጎልፈኞችን ውድድር የሚያስተዳድረው ድርጅት ምርመራ አልነበረውም። እስከ 2008 ድረስ! ከ1994 ጀምሮ ድርጅቱን የመሩት ቲም ፊንቸም የሚሉት በአጭሩ ይህ ነበር፤ ጎልፍ ተጫዋቹ ራሱ ሕጉን የሚያከብርበት ስፖርት ነው፣ ችግር ስለ መኖሩም ማስረጃ የለንም።

ማስረጃ የለንም! አንባቢያን ሆይ፣ እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። እኔ መምህር ነኝ። አንድ ባልደረባዬ «የእኔ ተማሪዎች አይኮራረጁም፤ በስንት ዓመቴ አንድም ይዤ አላውቅም» እያለ ይመካ ነበር። እኛም እንቀናበት ነበር። በኋላ ስናጣራ ለካስ የፈተና ወረቀቱን አድሎ እርሱ ውጭ ወጥቶ ሻይ ይጠጣ ኖሯል! ያልፈለገ ሰው አላገኘሁም ቢል ምኑ ይደንቃል? የፊንቸም ድርጅት ሽንት ሳይቀበል፣ ደም ሳይቀዳ፣ ላቦራቶሪ ሳይልክ «ማስረጃ የለም» ማለቱ ከባልደረባዬ ሻይ በምን ይለያል?

ደግሞስ ጎልፍ ተጫዋቹን በእርግጥ ያምነዋልን? «ያምነዋል» የሚለው ወሬ ነው፤ የገዛ ሕጋቸው ይመስክር።

በዚህ ጨዋታ ተወዳዳሪው የራሱን ውጤት ብቻውን አይጽፍም። አብሮት የሚጫወተው ሰው ይጽፍለታል፤ እርሱም አይቶ ይፈርማል። ሁለት ፊርማ ማለት ነው። በ1968 በኦገስታ በተደረገው የማስተርስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ በመጨረሻው ቀን በ65 ምት ጨረሰ። አብሮት የተጫወተው ሰው ግን በ17ኛው ጉድጓድ 3 የነበረውን ተሳስቶ 4 ብሎ ጻፈበት። ዴ ቪሴንዞ ሳያስተውል ፈረመ። ውጤቱ 66 ተብሎ ጸና። በዚያች አንዲት የጽሕፈት ስሕተት ከቦብ ጎልቢ ጋር ለመለያ ጨዋታ የመቅረብ ዕድሉን አጣ። ያን ቀን ልደቱ ነበር፤ 45 ዓመት የሞላው ያን ዕለት ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው 3 ምት መምታቱን በዓይኑ አይቷል። ቢሆንም ወረቀቱ ወረቀት ነው፣ ፊርማው ፊርማ ነው ተባለ። ማንም «ይህ የታወቀ ጨዋ ሰው ነው፣ ቃሉን እንመን» አላለም።

በ2001 ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ በሮያል ሊተም፣ በዚ ኦፕን ውድድር የመጨረሻ ቀን ዌልሳዊው ኢያን ዉስናም ከመሪዎቹ እኩል ሆኖ ጀመረ። በሁለተኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ ዱላ የሚሸከምለት ልጅ ቦርሳው ውስጥ 15 ዱላ መኖሩን አየ። የሚፈቀደው 14 ነው። ትርፉን ዱላ አልተጠቀመበትም፤ ረስተው ያስቀሩት ነበር። ሁለት ምት ቅጣት! ኳሷም ብትሆን ክብደቷ ከ45.93 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ስፋቷም ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በግራም መቶኛ፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ ማለት ነው! የዱላው ፊት ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ልኩ ተወስኗል።

እንግዲህ ፍረዱ። ኳሷን በግራም መቶኛ የሚመዝን፣ ዱላ የሚቆጥር፣ በአንዲት የብዕር ስሕተት ዋንጫ የሚከለክል ስፖርት የሰውዬውን ደም ሲጠይቁት «እኛ ዘንድ እኮ መተማመን አለ» ይላል። የመርካቶ ነጋዴ ሚዛኑን ሲያስፈትሽ «ተሰደብኩ» ብሎ ያውቃልን? ዕዳ ሲጻፍና ምስክር ሲቆም ጨዋ ተበዳሪ አያኮርፍም። እንዲያውም ጻፉልኝ የሚለው እርሱ ነው፤ ጽሕፈቱ የሚጠብቀው ሐቀኛውን ነውና። በ2006 ታይገር ዉድስ፣ የዘመኑ አንደኛ ተጫዋች፣ ምርመራው ቢጀመር ነገውኑ ደስ እንደሚለው የተናገረው ይህ ገብቶት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ማመካኛቸው «በጎልፍ አበረታች ቅመም አይጠቅምም» የሚል ነበር። ጡንቻ ያበጠ ሰው ኳስ ጉድጓድ ውስጥ አያስገባም፣ ጨዋታው የእጅ ስልትና የልብ እርጋታ ነው ይላሉ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት የባሰ ያሳስታል።

በመጀመሪያ ጉልበት ይጠቅማል። በ1980 የቱሩ ተጫዋቾች ከመነሻው ኳስ ሲመቱ በአማካይ ወደ 257 ያርድ ያርቁ ነበር። ዛሬ 300 ያርድ ገደማ ደርሷል፤ በሜትር ከ235 ወደ 274 ማለት ነው። አብዛኛው የኳሷና የዱላው አሠራር መሻሻል ያመጣው መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አርቆ የሚመታ ሰው ለሁለተኛው ምት አጭር ርቀት ይቀረዋል፤ ይህ የተጫዋቹ ሁሉ ምኞት ነው። በ2007 የዓመቱ አሸናፊ ዉድስ የተሸለመው 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን የሚያክል ገንዘብ ባለበት ቦታ ጉልበት የሚሸጥ ሰው አይመጣም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ከጉልበት ይልቅ ግን ስለ እርጋታው ላቆያችሁ። የመጨረሻዋን አጭር ምት ለመምታት የቆመ ሰው ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ኳሷ ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ሰውዬው የዓመት ገቢው በጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤታ ብሎከር የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ሐኪም የሚያዛቸው ናቸው። አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ቅመም በልብ ላይ እንዳይሠራ ያግዱታል። የልብ ምት ይቀንሳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ይረግባል። ለሯጭ ይህ ጉዳት ነው፤ ልቡን ያስርበታል። ለአነጣጣሪና ለጎልፈኛ ግን ምን እንደሚሆንለት አስቡት። ዋዳ ቤታ ብሎከርን የሚከለክለው በጥቂት ስፖርቶች ብቻ ነው። ጎልፍ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚገርመውን ምሳሌ ልንገራችሁ። በኦሎምፒክ ታሪክ በተከለከለ ነገር ምክንያት የመጀመሪያው የተባረረ ተወዳዳሪ የወሰደው ምን ይመስላችኋል? መርፌ? ክኒን? ቢራ ነው! በ1968 በሜክሲኮ ስዊድናዊው ሐንስ ጉናር ሊልየንቫል ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ቢራ ጠጣ። ተመረመረ፣ አልኮል ተገኘበት፣ ቡድኑም የነሐስ ሜዳሊያውን አጣ። በቤታችን መጠጥን የምንጸየፍበትን ምክንያት ለልጆቻችን ስንነግር አእምሮን ያስታል እንላለን። እነዚያ ደግሞ ለጊዜው እጅን ያረጋል ብለው ለውድድር ያዙት። በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የሰሜን ኮሪያው ተኳሽ ኪም ጆንግ ሱ ሁለት ሜዳሊያ የተነጠቀው ፕሮፕራኖሎል በተባለ ቤታ ብሎከር ነው። እንግዲህ እርጋታ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ለአርባ ዓመት ያህል የታወቀ ነገር ነበር። ጎልፍ ብቻ አልሰማሁም አለ።

መስማት ግድ የሆነበት በ2007 ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ፣ በስኮትላንድ ካርኑስቲ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር በጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ አበረታች ቅመም የሚወስዱ ጎልፈኞች እንዳሉ በእርግጥ አውቃለሁ አለ። ይህ ሰው የትናንት ልጅ አይደለም፤ ዘጠኝ ታላላቅ ዋንጫዎች ያነሣ አንጋፋ ነው። ስም አልጠራም፤ ስም ባለመጥራቱም ብዙዎች ወቀሱት። ተጫዋቾቹ ተቆጡ። ይሁንና ጥቂት ወራት ሳያልፉ የጎልፍ ድርጅቶች በአንድነት የምርመራ ሕግ እናወጣለን አሉ። ከሐምሌ 2008 ጀምሮም ፒ.ጂ.ኤ. ቱር መመርመር ያዘ። ጎልፍ በዚያን ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ለመመለስ እየለመነ እንደ ነበርም አትርሱ። በ2009 በኮፐንሃገን ተፈቀደለት፤ በ2016 በሪዮ ከ112 ዓመት በኋላ ተመለሰ። ምርመራ የሌለው ስፖርት በዚያ በር አይገባም።

ይበል ብለን እንዳናልፍ ምርመራውን ቀረብ ብለን እንየው። የተጀመረው በሽንት ብቻ ነው። ጋሪ ፕሌየር ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ የሰው የእድገት ሆርሞን ነበር፤ ይህ ቅመም በደም ምርመራ እንጂ በሽንት አይገኝም። ቱሩ ሆርሞኑን ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ጻፈው፤ የሚያገኝበትን ምርመራ ግን አላደረገም! የደም ምርመራ የጀመረው በጥቅምት 2017 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «መስረቅ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በሌለ በር ላይ ተለጥፎ ኖረ። በሐምሌ 2016 ሰሜን አየርላንዳዊው ሮሪ ማኪልሮይ በትሩን ከተማ በግልጽ ተናገረ፤ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ያህል ብቻ እንደሚመረመርና ይህም ከሌሎች የኦሎምፒክ ስፖርቶች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሆኑን አስረዳ። በዓመቱ ደሙን የሚቀዳ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የተቀጡትስ እነማን ናቸው? እዚህ ላይ ንዴቴን መደበቅ አልችልም።

የመጀመሪያው ተቀጪ ዳግ ባረን ይባላል፤ ስሙን እምብዛም ሰው የማያውቀው፣ በቱሩ ዋንጫ አንሥቶ የማያውቅ ተጫዋች ነበር። በሰኔ 2009 በትውልድ ከተማው በሜምፊስ ተመረመረ፤ ቴስቶስትሮንና ቤታ ብሎከር ተገኘበት፤ በኅዳር የአንድ ዓመት እገዳ ተጣለበት። ሰውዬው ሁለቱንም መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ እንደሚወስድ አስቀድሞ አስታውቆ ፈቃድ ለምኖ ነበር። ቤታ ብሎከሩን የሚወስደው ከወጣትነቱ ጀምሮ ባለበት የልብ ሕመም ነው። ፈቃዱን ከለከሉት። ፍርድ ቤት ሄደ፤ ለጊዜው ልጫወት ያለውን ዳኛው አልፈቀዱለትም፤ በ2010 ክሱ በስምምነት አለቀ። ሕጉ ሕግ ነው እንበል፤ ቤታ ብሎከር በጎልፍ መከልከሉን እኔው ራሴ ከላይ ደግፌ ጽፌያለሁና አሁን ልሸሽ አልችልም። ቢሆንም በሽተኛ በግልጽ መጥቶ ይህን እወስዳለሁ ሲል ከሌባ ጋር በአንድ መዝገብ መጻፉ ይከብደኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ተመልከቱ። ቪጄይ ሲንግ የፊጂ ተወላጅ ነው፤ ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎች አሉት፣ በዓለምም አንደኛ የነበረ ነው። በጥር 2013 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ በተባለው መጽሔት ላይ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ የሚረጭ ነገር እንደሚጠቀም ተናገረ። በውስጡ የተከለከለ የእድገት ቅመም ይኖራል ተብሎ የ90 ቀን እገዳ ተወሰነበት። እርሱ ክልክል ነገር እንዳለበት አላውቅም ነበር ብሎ ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይሰማ በሚያዝያ መጨረሻ ዋዳ ያ የሚረጭ ነገር ክልክል አይደለም ስላለ ጉዳዩ ተዘጋ። ሲንግ በበኩሉ ድርጅቱን በግንቦት ከሰሰ፤ ክሱም እስከ 2018 ተጎትቶ በስምምነት አለቀ። ሲንግ አጥፍቷል አልልም፤ የዘጋው ዋዳ ነውና። የምለው ስለ ቱሩ ነው። ምን እንደሚከለክል አጣርቶ የማያውቅ ድርጅት አስቀድሞ ቅጣት ይወስናል፤ ከዚያም ይመልሳል። ፊደል ሳይቆጥር እንደሚያስተምር መምህር ሆነ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በ2015 ስኮት ስታሊንግስ ሦስት ወር ታገደ። ድካም ይሰማው ነበርና ሐኪም ዲ.ኤች.ኢ.ኤ. የተባለ ነገር አዘዘለት። በኋላ ዝርዝሩን ሲያነብ ክልክል መሆኑን አገኘ፤ ሄዶም ራሱን ከሰሰ። ምርመራ ያዘው? አልያዘውም። በ2018 ብራድ ፍሪች በዚያው ነገር፣ በዚያው ዓይነት ራሱን ከሶ፣ ሦስት ወር ታገደ። ልብ በሉ! ምርመራው ያላገኛቸው ሰዎች ቦቢ ጆንስ በ1925 ያደረገውን አደረጉ፤ ተቀጡም። ቅጣቱን በጸጋ ተቀበሉ፤ ክብር ለእነርሱ ይሁን። ነገር ግን ያልተናገረውስ? ዲ.ኤች.ኢ.ኤ. ወስዶ ዝም ያለውስ? እርሱ ቅዳሜና እሑድ ሲጫወት፣ ሲሸለም ከርሟል። ሐቀኛውን ብቻ የሚይዝ ወጥመድ ለወጣቱ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ አፍህን ዝጋ የሚል።

መዝጋትንም ከድርጅቱ ተምረዋል። እስከ 2017 ድረስ አንድ ተጫዋች ካናቢስ፣ ኮኬይን ወይም ይህን የመሰለ አደንዛዥ ነገር ወስዶ ቢቀጣ ቱሩ ለሕዝብ አያስታውቅም ነበር። ሰውዬው ከውድድር ይጠፋል፤ የት ሄደ ቢሉ መልስ የለም። ሐሜት የሚራባው ደግሞ እንዲህ ባለው ዝምታ ነው፤ ንጹሑም ሰው ጉዳት ደርሶበት ወር ቢያርፍ ተቀጣ ይሉታል። በ2017 ይህን አሠራር መቀየራቸውን አመሰግናለሁ። በ2019 ሁለት ተጫዋቾች በዚህ ምክንያት ሲታገዱ በይፋ ተነግሯል።

አሁን ከቤታችሁ ጋር የሚያገናኘውን ልንገራችሁ። በቆጂን ታውቃላችሁ፤ የአርሲዋ ትንሽ ከተማ፣ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር። ከዚያ ተነሥታ በዓለም አቀፍ ደረጃ የምትሮጥ ልጅ በተመርማሪዎች መዝገብ ስሟ ከገባ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ አስቀድማ ማስመዝገብ አለባት። ሠርግ ሄደች፣ እናቷ ታመሙ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ይህ ሁሉ መርማሪውን አይመለከተውም። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካጣት እስከ ሁለት ዓመት ልትታገድ ትችላለች፤ በሰውነቷ ውስጥ ምንም ባይገኝ እንኳ! በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ኢትዮጵያን በጥብቅ ክትትል ከያዛቸው አምስት አገሮች አንዷ አድርጎ በይፋ ስሟን ጠራ። አፈርን፤ አገሪቱም ምርመራዋን እንድታጠናክር ግድ ሆነባት። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። አጭበርባሪ ሯጭ ካለን ይያዝ፣ ይቀጣም።

ግን ሚዛኑ አንድ ይሁን እንጂ! በእግሯ ጤፍ ማሳ ለማሳ ስትሮጥ ያደገችው ልጅ ሌሊት በሯ ሲንኳኳ ተነሥታ ናሙና ትሰጣለች። በግል አውሮፕላን የሚመላለሰው ሰውዬ ደግሞ «እኛ ዘንድ መተማመን አለ» ይላል። እርሷን ማን ያምናታል? የእርሷ ቃልስ ቃል አይደለምን? ቱሩ በ2017 የዋዳን የክልክል ዝርዝር ተቀበለ እንጂ የዋዳን ሕግ ፈራሚ አልሆነም። የሚመረምረውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቀጣውም ራሱ ነው። ውድድሩን ሸጦ የሚያድርም ራሱ ነው። ሸቀጡን የሚሸጠው ሰው ሚዛኑንም ራሱ መርምሮ ራሱ ማኅተም ሲመታበት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ይህን ሳላነሣ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ናሙና ሲሰጥ መርማሪው ቆሞ በዓይኑ ማየት አለበት። ሽንት ተለውጦ እንዳይቀርብ ነው። ለእኛ ሐያእ ላለን ሰዎች ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብዳል። አንዳንድ ጎልፈኞችም ውርደት ነው ብለዋል። ሕጉ መርማሪው ከተመርማሪው ጋር በጾታ አንድ እንዲሆን ያዛል፤ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት። ይህ ጥቂት ያቀለዋል፤ ፈጽሞ ግን አያነሣውም። ስለዚህ ልጃችሁ በስፖርት ወደ ላይ እየወጣች ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ከማታውቀው ሰው አፍ በሆቴል ኮሪዶር ላይ የመጀመሪያ ጊዜ እንዳትሰማው። መርማሪዋ ሴት እንድትሆን መብቷ መሆኑንም ትወቅ።

ውርደቱን ስመዝነው ግን እንዲህ እላለሁ። ከባድ ከሆነ ለሁሉም ይክበድ። በ2017 መጨረሻ ማርክ ሄንስቢ የተባለ አውስትራሊያዊ ጎልፈኛ ከጨዋታ በኋላ ናሙና ስጥ ሲባል ሳይሰጥ ከሜዳው ስለ ሄደ አንድ ዓመት ታገደ። አንዳንዶች «ለሽንት ብሎ አንድ ዓመት!» ብለው አዘኑለት። እኔም ሰው ነውና አዝናለሁ። ዳሩ ግን አንዲት የእኛ ሯጭ እንዲሁ ብታደርግ የሚጠብቃት ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ነው፤ ለእርሷስ በእንግሊዝኛ የሚያዝንላት ጋዜጣ ይኖር ይሆን?

ዳግ ባረን በነሐሴ 2019፣ 50 ዓመት በሞላው በወሩ፣ በኒው ዮርክ ግዛት የአንጋፋዎችን ውድድር አሸነፈ። ከእገዳው አሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ ዋንጫ ማንሣቱ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን በ2009 ፈቃድ ሲለምን ማመልከቻውን የሚያየው፣ ከቱሩ ጋር የገንዘብ ግንኙነት የሌለው አንድ ገለልተኛ የሐኪሞች ቡድን ቢኖር ኖሮ፣ «አይሆንም» እንኳ ቢባል «ማን አለኝ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር።